የጀርመን ፖርሴሊን መሰብሰብ ለምትጀምሩ፦ ሲኒውን ከመገልበጣችሁ በፊት

ሰማንያ ዩሮ። የመጀመሪያዋ «የማይሰን ሲኒ» የበላችኝ ገንዘብ ነው። ማይሰን ስመ ጥሩው የጀርመን ፖርሴሊን ፋብሪካ ነው። ፍራንክፈርት፣ ማይን ወንዝ ዳር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሻጩ ሲኒዋን ገልበጥ አድርጎ የፋብሪካው ምልክት የሆኑትን ሁለቱን ሰማያዊ ሰይፎች አሳየኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም አላየሁም፣ ኪሴ ገባሁ።

ቤት ገብቼ ሳጥባት ጣቴ ምልክቱ ላይ ሲያልፍ ቀለሙ እንደ ደረቀ የጥፍር ቀለም ጎርበጥ አለኝ። እውነተኛው ሰይፍ በጣት አይዳሰስም። ከሚያብረቀርቀው ሽፋን ሥር ነው ያለው። የኔዋ ላይ ግን ከላይ ተቀብቷል። ፎርጅድ። አሁን ወጥ ቤት ውስጥ የጨው ማስቀመጫ ሆናለች፣ ጎበዝ አገልጋይ ናት፣ አልከፋባትም።

ያኔ የተማርኩትን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ይገለብጣል። እኔ ደግሞ መገልበጡን ወደ መጨረሻ አድርጉት እላለሁ። ምልክት መሥራት ቀላል ነው፣ ሰውነቱን አስመስሎ መሥራት ግን ከባድ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

1. ከገንዘባችሁ በፊት አንድ ምሽት ለታሪኩ ስጡት

ታሪኩን የማያውቅ ሰው የማይቻል ነገር ይሸጥለታል። በ1705 ተሠራ የተባለ የማይሰን ሳህን ቢያቀርቡላችሁ መሳቅ እንድትችሉ ነው።

«ሲኒ» የምንለው ቃል ራሱ በዐረብኛ «ቻይናዊ» ማለት ነው። ለረጅም ዘመን ፖርሴሊን ማለት ቻይና ነበረች፣ በኋላ ጃፓን ተጨመረች። አውሮፓ ውስጥ የሚሠራበትን መንገድ የሚያውቅ አልነበረም። የዛክሰን (ሳክሶኒ) ገዢና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ብርቱው አውጉስት ደግሞ በዚህ ዕቃ ፍቅር ያበደ ሰው ነው። ምን ያህል? በ1717 ለፕሩሲያው ንጉሥ 600 ወታደሮች ሰጥቶ በምትኩ 151 የቻይና ፖርሴሊን ዕቃዎች ወስዷል። ሰው በማሰሮ! ከማሰሮዎቹ የተወሰኑት ዛሬም ድሬስደን፣ ስቪንገር ቤተ መንግሥት ውስጥ ቆመዋል።

ዮሐን ፍሪድሪኽ ቦትገር የሚባል የመድኃኒት ቀማሚ ተለማማጅ ደግሞ በርሊን ውስጥ «ወርቅ እሠራለሁ» እያለ ሲያወራ ወሬው ነገሥታቱ ጆሮ ደረሰ። በ1701 ከፕሩሲያ ሸሽቶ ዛክሰን ገባ። አውጉስት ያዘው። ገና 19 ዓመቱ ነበር። ወርቅ ሥራ ተባለ፣ የት ይምጣ። ቺርንሐውስ የሚባል የተማረ ሰው፣ ማዕድን በትልልቅ መስታወት የፀሐይ ብርሃን አሰባስቦ የሚያቀልጥ፣ አጠገቡ ተመደበና ልጁ ከወርቅ ወደ ሸክላ ዞረ።

በጥር 1708 የተጻፈች አንዲት ማስታወሻ አለች። ሰባት ዓይነት ቅልቅል ተዘርዝሮባታል። እሳት ውስጥ ለአምስት ሰዓት ከቆዩ በኋላ አንዳንዶቹ ፈራረሱ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ግን ነጭና ብርሃን አሳላፊ ሆነው ወጡ። ሚስጥሩ ይሄው ነው። ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር እና እሳት ውስጥ ቀልጦ የሚያያይዘው ድንጋይ። መጀመሪያ አልባስጥሮስ ነበር፣ በኋላ ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን ተተካ። ከዚያ ሙቀት ነው፣ 1,400 ዲግሪ አካባቢ። ቺርንሐውስ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሞተ፣ ፍሬውን አላየም። የማን ግኝት ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። እኔ ለሁለቱም ነው የምሰጠው።

ፋብሪካው በ1710 ተመሠረተ፣ ማይሰን ከተማ፣ ኮረብታ ላይ ባለ አልብሬኽትስቡርግ ግንብ ውስጥ። ግንብ የተመረጠው ሚስጥሩ እንዳይወጣ ነው። ቦትገር በ1714 ነፃ ተለቀቀ፣ በ1719 በ37 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ሽቶልትሰል የሚባል ሠራተኛ ሚስጥሩን ይዞ ቪየና ገባ። ከዚያ ማን ያቆመዋል? ሁሉም መስፍን የራሱን ምድጃ ፈለገ። ሆኽስት በ1746፣ ፉርስተንበርግና ኒምፈንቡርግ በ1747፣ ከዚያ ፍራንከንታል፣ ሉድቪግስቡርግ። በርሊን ላይ ሁለት የግል ሙከራዎች ከከሰሩ በኋላ ታላቁ ፍሪድሪኽ በ1763 ራሱ ገዝቶ ካ.ፔ.ኤም አለው፣ «የንጉሣዊ ፖርሴሊን ፋብሪካ» ለማለት ነው።

የሱ የሽያጭ ዘዴ ግን አስቀያሚ ነበር። ከ1769 ጀምሮ በፕሩሲያ የሚኖሩ አይሁዶች አንዳንድ ፈቃድ ለማግኘት ከንጉሡ ፋብሪካ ፖርሴሊን ገዝተው ውጭ አገር እንዲሸጡ ይገደዱ ነበር። ቆንጆ ሲኒ ጀርባ ሁልጊዜ ቆንጆ ታሪክ የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። የመጀመሪያዎቹ የማይሰን ሲኒዎች ብዙዎቹ ጆሮ የላቸውም። ትንሽ፣ ክብ፣ እጀታ የሌላቸው፣ ልክ እንደኛ የቡና ሲኒ። ማይሰን ለቱርክ ገበያም ይህን ዓይነት በብዛት ይሠራ ነበር። ሙዚየም ውስጥ ሳያቸው ረከቦት ፈለግኩ።

2. የምትሰበስቡትን አጥብቡ

«የጀርመን ፖርሴሊን እሰበስባለሁ» ማለት «መጽሐፍ እሰበስባለሁ» እንደማለት ነው። ቤት ይሞላል፣ ስብስብ ግን አይሆንም። አንድ ነገር ምረጡ። አንድ ፋብሪካ፣ ወይም አንድ ዘመን፣ ወይም አንድ የዕቃ ዓይነት።

ለጀማሪ የኔ ምክር ዛመልታሰ ነው። ጀርመኖች «የስብስብ ሲኒ» ይሉታል። አንድ ሲኒ፣ የሲኒው ማስቀመጫ፣ ብዙ ጊዜም አንድ የኬክ ሳህን አንድ ላይ። ለልደት፣ ለሠርግ፣ ለጡረታ አንድ አንድ እየተሰጠ የአያቶች ቁም ሳጥን ውስጥ ይደረደር ነበር፣ በተለይ በ1950ዎቹ። ልጆቹ አሁን አይፈልጉትም። የእቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የማይገባ ነገር ማን ይፈልጋል! ስለዚህ ፍሎማርክት (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) ላይ ከ5 እስከ 15 ዩሮ ጥሩ ጥሩ አግኝቼ አውቃለሁ። አበባ፣ ወርቅ፣ ደማቅ ሰማያዊ፣ እያንዳንዱ የተለያየ። ስህተት ብትሠሩም አሥር ዩሮ ነው።

ጌጥ የማትወዱ ደግሞ አርስበርግ 1382 የሚባለውን ፈልጉ፣ 1382 የሞዴል ቁጥር ነው እንጂ ዓመት አይደለም። ሄርማን ግሬች በ1931 የነደፈው፣ ምንም የማያወራ ክብ ነጭ ዕቃ ነው። በዚያው ዓመት ትሩደ ፔትሪ ለበርሊኑ ካ.ፔ.ኤም «ኡርቢኖ» የሚባለውን ሠርታለች። ሮዘንታል ከሚባለው ፋብሪካ በኩል አርክቴክቱ ዋልተር ግሮፒየስና ባልደረቦቹ የነደፉት የሻይ ዕቃ አለ፣ 1969። እኔ የአርስበርጉን ሻይ ማፍሰሻ ነው በየቀኑ የምጠቀምበት። አፉ ጠብታ አያንጠባጥብም። ይህን የሚያህል ምስጋና ለዕቃ የለኝም።

ሙሉ የእራት ዕቃ ግን በመጀመሪያው ዓመት አትግዙ። ለ12 ሰው የሚሆን ስብስብ ርካሽ ሆኖ ስታዩት ልባችሁ ይዘላል። ርካሽ የሆነው የሚያስቀምጠው ቦታ ያለው ሰው ስለጠፋ ነው። እናንተም ቦታ የላችሁም።

3. ዓይንና እጃችሁን አሠልጥኑ

ሙዚየም ሂዱ። ድሬስደን ስቪንገር ውስጥ ያለው የአውጉስት ስብስብ ከሁሉም በላይ ነው። ማይሰን ከተማ ሠራተኞቹ ፊት ለፊታችሁ ሲሠሩ ማየት ትችላላችሁ። ዜልብ እና ሆሄንበርግ ላይ ደግሞ ፖርሴላኒኮን የሚባል ሙዚየም አለ፣ ስለ ፋብሪካ ሥራው የሚያሳይ። ግን ሙዚየም ዓይን እንጂ እጅ አያስተምርም፣ መስታወት አለበት። ለእጅ ፍሎማርክት ይሻላል፣ ነፃ ትምህርት ነው። ጠይቃችሁ አንሱ፣ በሁለት እጅ፣ ጆሮውን ይዛችሁ አታንሱ።

ምን ታያላችሁ? ሦስት ነገር።

ብርሃን። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ሲኒው ውስጥ አስገቡ፣ ጣታችሁን በመብራቱና በሲኒው ግድግዳ መካከል አድርጋችሁ ከውጭ እዩ። ፖርሴሊን ከሆነ የጣታችሁ ጥላ ይታያል። ተራ ሸክላ ከሆነ ድፍን ነው፣ ጨለማ። ይህ ሙከራ ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ወፍራም የሆነ የትንሽ የፖርሴሊን ሐውልት መቀመጫ ግን እውነተኛ ቢሆንም ብርሃን ላያሳልፍ ይችላል፣ ስለዚህ ቀጭኑን ቦታ ፈልጉ።

መቀመጫው። ዕቃው የሚቆምበት ክብ ጠርዝ ብዙ ጊዜ ሽፋን አይቀባም፣ ከተቀባ ምድጃው ውስጥ ይጣበቃል። እዚያ ላይ ራቁቱን ሰውነት ታያላችሁ። ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ለስላሳ ሆኖ ደረቅ። ቡናማ ወይም ጠመኔ መሳይ ከሆነና ውሃ የሚመጥ ከሆነ ፖርሴሊን አይደለም። ላዩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ሽፋን ካያችሁም ጠርጥሩ። በጠንካራው የጀርመን ፖርሴሊን ላይ ሽፋኑና ሰውነቱ አንድ ላይ ስለሚጠበሱ ይህ ብዙ አይታይም።

ድምፅ። እናቶቻችን ምጣድ ሲገዙ በጣት እንደሚያንኳኩት። ሲኒውን መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡና ጠርዙን በጥፍር ቸብ። ደህና ከሆነ እንደ ደወል ረዘም ብሎ ይጮኻል። የተሰነጠቀ ከሆነ «ገጭ» ብሎ ይሞታል።

4. ስንጥቅና ጥገና ፍለጋ

ድምፁ ከሞተ ፀጉር መሳይ ስንጥቅ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። ወደ መስኮት አዙሩት። ብዙ ጊዜ ጆሮው የተያያዘበት ቦታ ላይ ወይም ከጠርዙ ወደ ታች የወረደ ነው። ቡና የገባበት ስንጥቅ ቡናማ ስለሚሆን ያጋልጣል፣ ታጥቦ የጸዳ ግን ይደበቃል።

ጠርዙን በጣት ጫፍ ዙሩ። የተሸረፈ ቦታ ዓይን ያመለጠውን ጣት ያገኘዋል። ሐውልት ከሆነ መጀመሪያ የምታዩት ጣቶች፣ የአበባ ቅጠሎች፣ የባርኔጣ ጫፍ ናቸው። እነዚያ ናቸው የሚሰበሩት። የ18ኛው ክፍለ ዘመን እረኛ አሥሩም ጣቶቿ ተሟልተው ከሆነ ወይ በጣም ዕድለኛ ናት ወይ ተጠግናለች።

ጥገናውን ለመያዝ ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ግዙ፣ ርካሽ ናት። ጨለማ ውስጥ ስታበሩባት የተለጠፈው ሙጫና አዲሱ ቀለም ከቀሪው ሰውነት የተለየ ቀለም ያወጣል። እኔ አንዴ የገዛሁትን ቁመቷ አንድ ስንዝር የሆነች ዳንሰኛ ማታ አበራሁባት። ቀኝ ክንዷ ከትከሻ እስከ መዳፍ እንደ ኒዮን ቦገግ አለ። ቀን ላይ ግን ምንም! ሻጩ ያውቅ እንደሆነ አላውቅም፣ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም። አሁን ከቤት ስወጣ ባትሪዋ ከቁልፌ ጋር ናት።

የተጠገነ መግዛት ወንጀል አይደለም። ዋጋው እንደ ተጠገነ ከሆነ።

5. አሁን ገልብጡት

እስካሁን ሁሉንም ካለፈ ምልክቱን እዩ። እዚህ ላይ ቀስ እንበል፣ ሰው ገንዘቡን የሚበላው እዚህ ስለሆነ።

የማይሰን ሰይፎች ከ1722 አካባቢ ጀምሮ ነው የመጡት፣ ከዛክሰን መንግሥት አርማ የተወሰዱ። በእጅ፣ በብሩሽ፣ ከሽፋኑ ሥር ነው የሚሳሉት። በእጅ ስለሆነ ሁለት ሰይፍ አንድ ዓይነት አይሆንም። በጣም እኩል፣ በጣም ንጹሕ፣ እንደ ማኅተም የታተመ ከመሰለ አቁሙ። ዘመኑን የሚለዩ ትንንሽ ነገሮች አሉ። በሰይፎቹ እጀታ መካከል ነጥብ ካለ በግምት ከ1763 እስከ 1774፣ ኮከብ ካለ ከ1774 እስከ 1814 ያለው፣ በፋብሪካው ኃላፊ ስም የሚጠራው የማርኮሊኒ ዘመን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ እጀታዎቹ ጫፍ ላይ ትንሽ ጉብታ አላቸው። ነጥቧ ከላይ በሰይፎቹ ስለት ጫፎች መካከል ከሆነች ከ1924 እስከ 1934 ነው።

ሰይፎቹ ላይ አግድም የተቧጨረ መስመር ካያችሁ ደንገጥ አትበሉ፣ ግን ዋጋ አስቀንሱ። ፋብሪካው ራሱ ነው የቧጨረው። ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ወይም ያልተሳለበትን ነጭ ዕቃ ሸጦ ሌላ ሰው ውጭ ስዕል የቀባበት ነው ማለት ነው። መስመሩን በጥፍር ትዳስሱታላችሁ።

የበርሊኑ ካ.ፔ.ኤም በትረ መንግሥት ነው፣ ሰማያዊ፣ ከሽፋኑ ሥር። ከ1832 ጀምሮ ፋብሪካው ውስጥ ቀለም የተቀባ ዕቃ ላይ ቀይ ሉልና መስቀል ይጨመራል። ወጥመዱ ፊደሎቹ ላይ ነው። ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለችው ቫልደንቡርግ የነበረ ክሪስተር የሚባል ፋብሪካም «ካ.ፔ.ኤም» ነበር የሚለው። ፊደል ብቻ አይታችሁ በርሊን ነው አትበሉ፣ በትሩን ፈልጉ።

የሆኽስት ደግሞ መንኮራኩር ነው፣ የማይንስ ጳጳስና መስፍን አርማ። ሆኽስት ዛሬ የፍራንክፈርት ሰፈር ነው፣ እኔ በባቡር ነው የምሄደው። የመጀመሪያው ፋብሪካ በ1796 ተዘጋ። ቅርጾቹን ደግሞ ዳም የሚባል ቦታ ያለ ፋብሪካ ወስዶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተራ ሸክላ ላይ ሠራባቸው፣ መንኮራኩሩ አጠገብ «ዲ» ፊደል ጨምሮ። የብርሃን ሙከራው እዚህ ጋ ነው የሚያድናችሁ።

«ድሬስደን» የሚለው ቃል በጣም ያሳስታል። እንግሊዞችና አሜሪካኖች ድሮ ማይሰንን ራሱን «ድሬስደን» ይሉት ነበር። ከዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ድሬስደን ከተማ ውስጥ ነጭ ዕቃ ገዝተው ቀለም የሚቀቡ ብዙ ቤቶች ተከፈቱ፣ አራቱ በ1883 ዘውድ ያለበት ምልክት አስመዘገቡ። ሄለና ቮልፍዞን የምትባል የእንዲህ ያለ ቀለም ቤት ባለቤት ደግሞ የአውጉስትን «ኤ አር» («ንጉሥ አውጉስት» ለማለት) ፊደሎች ትጠቀም ነበር፣ ማይሰን ከስሶ አስቆማት። ስለዚህ ጥርት ያለ «ኤ አር» ያለበት፣ አበባና ፍቅረኞች የተሳሉበት ሲኒ ሲያቀርቡላችሁና «የንጉሡ ነው» ሲሏችሁ የሷ ቤት ሊሆን ይችላል። እሱም ያምራል፣ ግን የንጉሥ ዋጋ አትክፈሉ።

ሰማያዊው ሽንኩርት ንድፍ ያው ሌላ ትምህርት ነው። ሽንኩርት አይደለም በነገራችን ላይ። ከቻይና የመጣ የሮማንና የኮክ ፍሬ ነው፣ ጀርመኖቹ ፍሬውን ስለማያውቁት ሽንኩርት መሰላቸው። ከ1740 አካባቢ ጀምሮ ማይሰን ይሠራዋል፣ ሌላውም ሁሉ ገለበጠው። ማይሰን መለያ እንዲሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰይፎቹን ፊት ለፊት፣ ንድፉ ላይ ያለው የቀርከሃ ግንድ ሥር አስገባቸው። ከታች ደግሞ «ማይሰን» የሚል ቃል ከኮከብ ጋር ተጽፎ ካገኛችሁ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ከተማ የነበረው የታይኸርት ቤተሰብ ፋብሪካ ነው። የከተማ ስም ነው፣ ማንም ሊጽፈው ይችላል።

የአገር ስም ራሱ ዕድሜ ይናገራል። ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የመጣበት አገር እንዲጻፍበት ሕግ ወጣ፣ ስለዚህ «ጀርመኒ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ከዚያ ወዲህ መሆኑ አይቀርም። «ዩ.ኤስ. ዞን» (የአሜሪካ ጦር ይዞታ) ካለ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው፣ እስከ 1949። «ምዕራብ ጀርመን» ወይም «ጂ.ዲ.አር» (ምሥራቅ ጀርመን) ካለ እስከ 1990። የ1760 ሲኒ ነው ብሎ ታች በእንግሊዝኛ አገሩ የተጻፈበትን የሚሸጥላችሁን ሰው በትህትና አመስግናችሁ ሂዱ።

ስለ አላኽ አንድ ቃል። የናዚዎቹ የኤስ.ኤስ ፋብሪካ ነበር፣ የዳኻው ማጎሪያ ካምፕ እስረኞችም ሠርተውበታል። ውድ ስለሆነ ፎርጅዱ ብዙ ነው። እኔ ግን በፎርጅዱ አይደለም የምርቀው። ቤቴ አይገባም፣ በቃ።

6. ዋጋ

ፍሎማርክት ላይ ሁለት የመግዣ ጊዜ አለ። ዕቃ የምትፈልጉ ከሆነ ጎሕ ሲቀድ ድረሱ፣ ነጋዴዎቹ ገና ከመኪና ሲያወርዱ። ዋጋ የምትፈልጉ ከሆነ መዝጊያው ላይ፣ ጠቅልሎ ወደ ቤት መመለስ ሲሰለቻቸው። በርሊን ላይ የ17 ሰኔ ጎዳና ቅዳሜና እሑድ አለ፣ ነጋዴዎቹ ግን የሚሸጡትን የሚያውቁ ናቸው፣ ርካሽ አትጠብቁ። የአያት ቤት ሲፈታ የሚሸጡባቸው ቦታዎች ይሻላሉ።

«የመጨረሻ ዋጋ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ጀርመኖች አይወዱትም። ዕቃውን አንሱ፣ ስንጥቁን በጣት አሳዩት፣ ዝም በሉ። ከዚያ «ጌት ዳ ኖኽ ቫስ?» በሉ፣ «ትንሽ ይቀነሳል?» ማለት ነው። መርካቶ ያደገ ሰው ይህንን ላስተምረው አልችልም። ልዩነቱ እዚህ ሄድ ስትሉ ጠርቶ የሚመልሳችሁ የለም። ካለፋችሁ አለፋችሁ።

ዋጋ ለማወቅ ደግሞ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዩ። ኢቤይ ላይ «የተሸጡ» የሚለውን ማጣሪያ ተጫኑ። አንድ ሰው 900 ዩሮ ጠይቆ ሦስት ዓመት ያልተሸጠለትን ሲኒ ዋጋ ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ።

7. እጥበት

የማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ወፍራም ፎጣ ዘርጉ። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ አንድ በአንድ። ቀለበታችሁን አውልቁ፣ ወርቁን የሚቧጭረው እሱ ነው። ማሽን ውስጥ አይገባም፣ ወርቅ ያለበት ማይክሮዌቭም አይገባም፣ ብልጭ ይልባችኋል። የተጠገነ ዕቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ፣ ሙጫው ይለቃል።

የቡና ቅሪት ከሲኒው ውስጥ በቤኪንግ ሶዳና በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይለቃል፣ ወርቁን ሳትነኩ። በረኪና አትንኩ። ዕጣን የምታጨሱ ከሆነ ደግሞ መደርደሪያውን ከረከቦቱ አርቁት፣ ጭሱ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ስስ ነገር ያለብሰዋል። የኔ ነጮቹ አንድ ፋሲካ ብቻ በቅቷቸዋል።

8. አቀማመጥና መዝገብ

ሳህን በሳህን ላይ ስትደርቡ መሃል ላይ ናፕኪን ወይም ቁራጭ ጨርቅ። ያልተቀባው መቀመጫ እንደ አሸዋ ወረቀት ነው፣ ከሥሩ ያለውን ስዕል ይልጠዋል። ሲኒ በሲኒ ላይ አትደርቡ። በግድግዳ ላይ ለመስቀል ስፕሪንግ ያለው ሽቦ አትጠቀሙ፣ ጠርዙን ይበላዋል።

ወደ አዲስ አበባ የምትወስዱ ከሆነ በእጅ ሻንጣ። እያንዳንዱን ለብቻ ጠቅልሉ፣ ሲኒው ውስጥም ካልሲ ጎስጉሱ፣ ካልሲ ከአረፋ ፕላስቲክ ያልተናነሰ ነው። የሻይ ማፍሰሻ ክዳን ሁልጊዜ ተለይቶ ይጠቀለላል።

ከዚያ መዝገብ ያዙ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አራት ፎቶ፦ ፊቱ፣ ጎኑ፣ ምልክቱ፣ ጉድለቱ። የት፣ መቼ፣ በስንት እንደገዛችሁት ጻፉ፣ ሻጩ የነገራችሁንም ታሪክ ጨምሩ፣ «ሻጩ እንዳለው» ብላችሁ። ትንሽ ወረቀት ላይ ቁጥር ጽፋችሁ ሲኒው ውስጥ አስቀምጡ። በፕላስተር ግን አትለጥፉት፤ ሲነሳ ወርቁን ይዞ ይነሳል።